ለኢንቨስተር የሚላክ ቪዲዮ አሠራር፦ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ሊንኩ

ባለፈው ክረምት ሁለት ልጆች አራት ኪሎ ወዳለው ቢሯችን መጡ። ስታርታፕ አላቸው። ለኢንቨስተር የሚላክ ቪዲዮ አሠርተው ለዘጠኝ ሰው ልከዋል። አንድም መልስ አላገኙም። «እስቲ አብረን እንየው» አሉኝ።

አየነው። መስቀል አደባባይ ከላይ በድሮን ይታያል። ከኢንተርኔት የወረደ ምስል ነው። ሙዚቃው ከፍ ይላል። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው «በሀገራችን የቴክኖሎጂ ዘርፍ ፈር ቀዳጅ በመሆን…» እያለ ይቀጥላል። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው። አፕሊኬሽናቸው የታየው ለአራት ሰከንድ ነው። ሁለቱ ልጆች ጭራሽ አልታዩም።

«ሥራችሁን በቃል ንገሩኝ» አልኳቸው። አንደኛው ቦርሳውን ከፈተና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጋዜጣው ግሪስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሲፈታው ያረጀ ኩሽኔታ ነው። «ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲፈታ አንድ ልጅ ይሄን ናሙና ይዞ ይወጣል» አለ። «ተክለሃይማኖት ይሄዳል፣ ሶማሌ ተራ ይሄዳል። ሱቅ ለሱቅ እያሳየ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እኛ መዞሩን አስቀርተን በፎቶ አደረግነው።»

መቀረጽ የነበረበት ይሄ ነው። ልጁ፣ ጋዜጣው፣ ኩሽኔታው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ሙሉ ያልነገሩኝን በሃያ ሰከንድ ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ሁሉ የምነግረውን እዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ከሁሉ በፊት ግን በአንድ ነገር እንግባባ። ቪዲዮ ብቻ አይቶ ገንዘብ የሚያወጣ ኢንቨስተር አትጠብቁ። ገንዘቡ የሚመጣው ከስንት ስብሰባ፣ ከስንት ጥያቄና ከስንት ሰነድ በኋላ ነው። የቪዲዮው ሥራ «እነዚህን ልጆች ላግኛቸው» ማሰኘት ነው። ይህን ከያዛችሁ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ ለመወሰን አትቸገሩም።

1. ለማን እንደምትቀርጹ ወስኑ

አንድ ቪዲዮ ለሁሉም አይሆንም። የመርካቶ ነጋዴ ስለ መለዋወጫ ገበያ ከእናንተ የበለጠ ያውቃል። ለእሱ ችግሩን በረጅሙ ማስረዳት ጊዜ ማባከን ነው። ትርፉ ከየት እንደሚመጣና ገንዘቡ መቼ እንደሚዞር ነው የሚጠይቃችሁ። ከውጭ የመጣ ፈንድ ደግሞ ሶማሌ ተራን አያውቀውም። ልጁ ናሙናውን ይዞ ሲዞር በዓይኑ ካላየ አይገባውም። ዳያስፖራው በመሃል ነው። ሰፈሩን ያውቃል፣ ግን የሚያስታውሰው የዛሬ አሥር ዓመቱን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሦስት ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። «ለኢንቨስተሮች» ብላችሁ ሳይሆን በስማቸው። ከዚህ በፊት በምን ዓይነት ሥራ ላይ ገንዘብ እንዳዋሉ፣ ምን ያህል እንደሚያወጡ አጣሩ። ቪዲዮውን ለእነሱ ሥሩ። ለአራተኛው ሰው አስተካክሎ መላክ ቀላል ነው።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ዋይ ኮምቢኔተር የሚባለው የአሜሪካ የስታርታፕ ፕሮግራም ከማመልከቻ ጋር የሚጠይቀው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። መሥራቾቹ ብቻ ቀርበው ይናገራሉ። ተጽፎ የሚነበብ ነገርና ማሳመሪያ አይፈልጉም። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ለምትልኩት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ካለፈ የሚቆረጥ ነገር አለ ማለት ነው።

ቋንቋውስ? የምትልኩለት ሰው አማርኛ የሚሰማ ከሆነ በአማርኛ ተናገሩ። የውጭ ሰው ከሆነ እናንተ በእንግሊዝኛ ተናገሩና ደንበኛችሁ ግን በራሱ ቋንቋ ይናገር፤ ከታች ሰብታይትል ይግባለት። ጋራዥ የሚሠራን ሰው እንግሊዝኛ አስጠንቶ ካሜራ ፊት ማቆም ሰውየውንም ቪዲዮውንም ያደክማል።

2. ሥራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ከቢሯችን በታች ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ሁለቱን ልጆች ወደ እሷ ወሰድኳቸው። የጻፉትን እንዲህ ብለው አነበቡላት፦ «ጋራዦች መለዋወጫ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሳይዞሩ፣ ፎቶ ልከው ከብዙ ሱቆች ዋጋ የሚያገኙበት አገልግሎት ነው።»

ስኒ እያጠበች ሰማችና «እሺ፣ ፎቶውን ይልካል፣ ዋጋ ይነግሩታል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ታዲያ ዕቃውን ማን ያመጣዋል?» አለቻቸው።

ልጆቹ ተያዩ። መልስ ነበራቸው። ከሞተረኞች ጋር ይሠራሉ። ግን የትም ቦታ አልጻፉትም። የድሮው ቪዲዮ ውስጥም አልነበረም። ያቺ ጥያቄ አዲሱ ስክሪፕት ውስጥ 12 ሰከንድ ተሰጣት።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ዓረፍተ ነገሩን ከሥራችሁ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌለው ሰው ንገሩት። መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። መልሶ መንገር ካልቻለ ጥፋቱ የዓረፍተ ነገሩ ነው። «ፕላትፎርም»፣ «ሶሉሽን»፣ «ኢኮሲስተም» የሚሉ ቃላት ካሉበት አውጧቸውና ድጋሚ ሞክሩ። ከተሳካለት ደግሞ ወዲያው ቀጥሎ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ጻፉት። ኢንቨስተሩም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጥያቄ ላይ ነው የሚቆመው።

3. ስክሪፕቱን በሰከንድ ከፋፍሉት

ለሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እኔ የምጠቀመው አከፋፈል ይህን ይመስላል፦

ከ0 እስከ 10 ሰከንድ፦ ማን እንደሆናችሁና ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር። ዕቃ ካላችሁ ዕቃውን በእጃችሁ ያዙ።
ከ10 እስከ 35፦ ችግሩ፣ በአንድ ሰው አንድ ቀን ውስጥ።
ከ35 እስከ 75፦ ምርቱ ሲሠራ።
ከ75 እስከ 100፦ እስካሁን የደረሳችሁበት፣ በቁጥር።
ከ100 እስከ 112፦ ለምን እናንተ? ይህን ሥራ ከሌላው በተሻለ የምታውቁት በምን ምክንያት ነው?
የቀረው፦ የምትጠይቁት ነገር። ምን ያህል ገንዘብ፣ ለምን ሥራ፣ መቼ መገናኘት እንደምትችሉ።

ችግሩን ስትናገሩ «በኢትዮጵያ የመለዋወጫ አቅርቦት ሰንሰለት ኋላ ቀር ነው» አትበሉ። «ልጁ ጠዋት 3 ሰዓት ከጋራዡ ወጣ፣ 8 ሰዓት ተመለሰ፣ ያመጣው ዕቃ አልገጠመም» በሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የነገሩ ሥር ያ ልጅ ነው።

ቁጥሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ቪዲዮ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለን» ብሎ መነሳት ነው። ያ የሀገሪቱ ሕዝብ እንጂ የእናንተ ደንበኛ አይደለም። ከታች ወደ ላይ ቁጠሩ። ለምሳሌ 40 ጋራዦች አሏችሁ እንበል። እያንዳንዱ በሳምንት 6 ዕቃ ያዛል። ያ 240 ትዕዛዝ ነው። ከእያንዳንዱ 150 ብር ካገኛችሁ በሳምንት 36,000 ብር ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው በራሱ ጭንቅላት «400 ጋራዥ ቢሆንስ?» ብሎ ያሰላል። እንዲያሰላ ነው የምትፈልጉት። 40 ካልሆነና 7 ከሆነ 7 በሉ። ሰባቱን በስማቸው የሚያውቅ ሰው ያስተማምናል።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ለውጭ ሰው «በ2017 ጀመርን» ብትሉት ጅማሯችሁን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሥራችሁም ለዚያን ያህል ዓመት ያላደገ ይመስለዋል። ለእሱ የምትልኩት ቪዲዮ ላይ እ.ኤ.አ. ተጠቀሙ። የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነም «ባለፈው ዓመት» አትበሉ፤ ወሩን ጥሩ።

ሦስተኛው ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ገቢያችሁ ከዚያ በፊትና በኋላ በብር እጥፍ ቢሆን፣ ዶላር የሚቆጥር ኢንቨስተር ዕድገት ላይታየው ይችላል። ዋጋ ብቻ ጨምራችሁ ይሆን ብሎም ይጠረጥራል። መፍትሔው የትዕዛዝ ብዛት መናገር ነው። 90 ትዕዛዝ 240 ከሆነ ምንዛሪ አይነካውም። ገንዘቡን በዶላር ከጠራችሁም በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንዳሰላችሁት በትንሹ ከታች ጻፉ። ይቺን ትንሽ መስመር ያየ ሰው ሒሳባችሁን በጥንቃቄ እንደምትይዙ ይገባዋል።

ስክሪፕቱን ስትጨርሱ ጮክ ብላችሁ በሰዓት አንብቡት። በዓይን ሲነበብ አንድ ደቂቃ የሚመስል ነገር በአፍ ሲነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ይረዝማል።

4. ቦታና ሰዓት ምረጡ

መሃል አዲስ አበባ ውስጥ ጸጥታ በነፃ አይገኝም። ፒያሳ ወያላው ይጣራል። የኮሪደር ልማቱ ሥራ ባለበት ድንጋይ ይቆረጣል። መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ይነሳል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የራሳችሁን ድምፅ እንኳ አትሰሙም። ስለዚህ ከቀረጻው አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ሂዱ። ስልካችሁን አስቀምጡና አንድ ደቂቃ ድምፅ ቅረጹ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መልሳችሁ ስሙት። ቆማችሁ ሳላችሁ ያልሰማችሁት ፍሪጅ፣ የአሳንሰር ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት ሁሉ እዚያ አለ።

ብርሃኑ ደግሞ ደግ ነው፣ ሰዓቱን ከጠበቃችሁለት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለሆነች ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትሠራለች። ውጭ ከቀረጻችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይሁን። ውስጥ ከሆናችሁ ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙሩ። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጠቁራል።

ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ይሆናል። እኛ ቢሮ ያለው መድኃኒት ሁለት ጋቢ ነው። አንዱን ከስልኩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ከጎን እንሰቅላለን። ካሜራው አያያቸውም። ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

ስለ መቅረጫ ቦታ ምርጫ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ መስቀል አደባባይን ተዉት። ውብ ቦታ ነው፣ ግን ስለ እናንተ ድርጅት ምንም አይናገርም። ደንበኛችሁ የሚሠራበት ቦታ ቅረጹ። ጋራዥ፣ ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ወጥ ቤት፣ የሚሆነው ይሁን። የቦታውን ባለቤት አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታብርሩ። አራት ኪሎ አካባቢ ቤተ መንግሥቱንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ካሜራ ውስጥ አታስገቡ። ጥበቃዎቹ ያስቆሟችኋል፤ የቀረጻው ቀንም በማስረዳት ያልቃል።

5. ቅረጹ

ስልክ ይበቃል። እዚህ ላይ ገንዘብ ካላችሁ ለማይክ አውጡት። ምስሉ መካከለኛ ሆኖ ድምፁ ጥሩ የሆነ ቪዲዮ ይታያል። ድምፁ የማይሰማ ቪዲዮ ግን ምስሉ ቢያምርም ይዘጋል።

የኮሌታ ማይክ ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ላይ የድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፣ ማይኩ ወደ ላይ ይሁን። ሁለቱም ስልኮች መቅረጽ ሲጀምሩ አንዴ አጨብጭቡ። በኋላ ኤዲት ስታደርጉ ጭብጨባው ላይ ድምፁንና ምስሉን ታገጣጥማላችሁ።

የስልኩን የኋላ ካሜራ ተጠቀሙ፤ ከፊተኛው ይሻላል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሲነካካ ስለሚውል ቅባት አያጣውም። ስልኩን አግድም አድርጋችሁ በዓይናችሁ ከፍታ ትክል አድርጉት። ትራይፖድ ከሌለ መጽሐፍ ደርድሩ። የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጥሩ ንግግር መሃል ላይ ስልክ ሲጠራ ያናድዳል። ጥራቱ 1080 ይሁን። ፎር ኬ ፋይሉን ያከብደዋል፣ የሚያየውም ሰው በስልኩ ነው የሚያየው። አይፎን ላይ የ1080 ቀረጻ አንድ ደቂቃው እንደ አቀማመጡ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይይዛል። ለሃያ ሙከራ የሚበቃ ቦታ አስቀድማችሁ አስለቅቁ።

ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ስልኮች ደግሞ ሲገዙ በሰከንድ 30 ምስል እንዲቀርጹ ተስተካክለው ነው የሚመጡት። ሁለቱ ስለማይጣጣሙ ሸምበቆ አምፖልና አንዳንድ ኤልኢዲ መብራት ቪዲዮው ላይ ይርገበገባል። ስልካችሁ ከፈቀደ በሰከንድ 25 ላይ አድርጉት። አይፎን ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ «ፓል» የሚለውን ስታበሩ ይመጣል። ካልሆነ መብራቱን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ቅረጹ።

አሁን ወደ ንግግሩ። አታንብቡ። ያነበበ ሰው ዓይኑ ያስታውቃል። ስድስቱን ነጥቦች በቃላችሁ ያዙና አንድ ጓደኛችሁን ከካሜራው ኋላ አቁሙ። ለእሱ እንደምትነግሩት ተናገሩ፣ ዓይናችሁ ግን ሌንሱ ላይ ይሁን።

ሁለት ዓይነት ችግር አያለሁ። አንዱ ካሜራ ሲከፈት ዜና አንባቢ የሚሆነው ነው። «ከመቼውም ጊዜ በላይ» «በአጽንኦት» ማለት ይጀምራል። እሱን አስቁሙትና «አሁን ለእናትህ ንገራት» በሉት። ሁለተኛው ይሉኝታ የያዘው ነው። «ትንሽ ሞክረናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ዝም ይላል። አስተዳደጋችን ነው፣ ክፉ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቪዲዮውን ናይሮቢ ወይም ለንደን ተቀምጦ የሚያየው ሰው «ትንሽ» ያላችሁት ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ራሳችሁን ማወደስ አይጠበቅባችሁም። የሠራችሁትን ቆጥራችሁ ንገሩት። «በስምንት ወር 40 ጋራዥ በእግራችን ዞረን አስመዘገብን» ማለት ጉራ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

መሥራቾቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆናችሁ ሁላችሁም ታዩ። አንዱ ብቻ አውርቶ ሌሎቹ ራስ ሲነቀንቁ አያምርም። ምርቱን የሠራው ምርቱን ያሳይ፤ ገበያውን የዞረው ስለ ገበያው ይናገር።

6. ምርቱን ሲሠራ አሳዩ

የቪዲዮው ልብ እዚህ ነው። ለሌላው ሁሉ የደከማችሁትን ያህል ለዚህ ድከሙ።

ድሮፕቦክስ የሚባለው የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት ሥራ ሲጀምር መሥራቹ ድሩ ሂውስተን ያሳየው የራሱን ኮምፒውተር ስክሪን ነው። ፋይል እዚህ ሲያስቀምጥ እዚያ ሲታይ፣ እያወራ ያሳያል። በቃ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቪዲዮው ሲወጣ አገልግሎቱን ለመሞከር ተመዝግበው ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት ከ5,000 ወደ 75,000 ዘለሉ። ቪዲዮው ለተጠቃሚ የተሠራ ነበር፣ ለኢንቨስተር አይደለም። ግን ነገሩ ያው ነው። ፋይልን ኮምፒውተር ለኮምፒውተር የማመሳሰል ነገር ሲነገር አያጓጓም። ሲሠራ ሲታይ ግን ምንነቱ ወዲያው ይገባል።

የስልካችሁን ስክሪን ቅረጹ፤ አሁን አብዛኛው ስልክ የራሱ ስክሪን መቅረጫ አለው። ከመጀመራችሁ በፊት ኖቲፊኬሽን ዝጉ። የቴሌብር ክፍያ የሚታይ ከሆነ የደንበኛውን ስልክ ቁጥርና ቀሪ ሒሳብ ሸፍኑ። ከስክሪኑ ጋር እያፈራረቃችሁ እጁን አሳዩ። መካኒኩ ግሪስ የነካ ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ ኩሽኔታውን ፎቶ ሲያነሳ፣ ዋጋው ሲመጣ፣ ሞተረኛው በር ላይ ሲቆም። እነዚህ ሦስት ምስሎች ከማንኛውም አኒሜሽን ይበልጣሉ።

ገና ያልተሠራ ነገር እንደተሠራ አድርጋችሁ አታሳዩ። ዲዛይን ብቻ ከሆነ «ዲዛይን» ብላችሁ ጻፉበት። ኢንቨስተሩ በሚቀጥለው ስብሰባ «ስልኬ ላይ ጫኑልኝ» ይላል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው እምነት በሌላ ቪዲዮ አይመለስም።

ደንበኛ ስታናግሩ «አገልግሎታችንን ወደዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አዎ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይሏችኋል። ከበሬታ ነው፣ ማስረጃ ግን አይደለም። «ጋሼ፣ ድሮ ዕቃ ሲጠፋ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። እነዚያ ልጆች እንዲህ ብለው ሲጠይቁ ያገኙት መልስ ይኸውላችሁ፦ «ልጁን እልከዋለሁ። ሄዶ ይቀራል። መኪናው ክሪክ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ባለቤቱ ይደውላል፣ ምን ልበለው?» አሥር ሰከንድ ናት። ስክሪፕት ጸሐፊ አይጽፋትም።

የሰውየውን ፈቃድ ሳትቀርጹ በፊት ጠይቁ። ቪዲዮው ለማን እንደሚላክም ንገሯቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ከአዋጁ በፊትም ቢሆን ግን የሰው ፊት የሰው ነው።

7. ኤዲት አድርጉ

እዚህ ላይ አልቆይም። ካፕከት በስልክ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በኮምፒውተር በነፃ ይሠራሉ። መጀመሪያ ላይ ያለውን ረጅም ሰላምታ ቁረጡ። ሙዚቃ ካላወጣችሁት ድምፃችሁን እስከማይነካ ዝቅ አድርጉት፤ መብቱም የሌላ ሰው እንዳይሆን አረጋግጡ።

ሰብታይትሉን ግን አትዝለሉ። ስብሰባ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ የሚያይ ሰው አለ። አማርኛ ከሆነ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጥሩ ነው። ያለዚያ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ስትጨርሱ ትንሽ ስክሪን ባለው ስልክ፣ ድምፅ አጥፍታችሁ እዩት። ያኔም ከገባችሁ ደርሷል።

8. ላኩት

ፋይሉን በኢሜይል አታያይዙ። በጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አያይዛችሁ መላክ አትችሉም። ሊንክ ላኩ። ዩቲዩብ ላይ «አንሊስትድ» ብላችሁ ከጫናችሁት ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ ያገኘዋል። ነገር ግን ሊንኩን ሰው ለሰው ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ ሚስጥር የሆነ ነገር መጀመሪያውኑ ቪዲዮው ውስጥ አይግባ። ዩቲዩብ ላይ ስህተት ብታገኙ በዚያው ሊንክ መቀየር አትችሉም። ቪሜዮ ላይ ይቻላል። ጉግል ድራይቭ ከተጠቀማችሁ ፈቃዱን «ሊንኩ ያለው ሁሉ» ላይ አድርጉትና ከሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። ኢንቨስተር ሊንኩን ነክቶ «ፈቃድ ጠይቅ» ቢለው ላይጠይቅ ይችላል።

ለሀገር ውስጥ ሰው ቴሌግራም ይሻላል። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ እንደ ፋይል ከላካችሁት እንዳለ ይደርሳል። መጫኑን ለማታ ወይም ለሌሊት ተዉት። መላኪያው ደቂቃ ላይ ኔትወርክ እንዳትለምኑ ከአንድ ቀን በፊት ጨርሱ።

አብሮ የሚሄደው መልእክት አጭር ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ ጋራዦች መለዋወጫ በፎቶ አዝዘው የሚያገኙበትን አገልግሎት እንሠራለን። አሁን 40 ጋራዦች በሳምንት 240 ጊዜ ያዝዙናል። ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ እነሆ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ለ30 ደቂቃ ብንገናኝ ደስ ይለናል።»

እናንተንም ኢንቨስተሩንም የሚያውቅ ሰው ካለ በእሱ በኩል ይሂድ። ቀጠሮ ሲያዝ ከውጭ ሰው ጋር ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «3 ሰዓት» ብላችሁ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሲጠብቃችሁ እንዳይውል።

መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት አዲስ ነገር ስትይዙ ብቻ ነው። «ባለፈው 40 ነበርን፣ አሁን 55 ደርሰናል» ይበቃል።

9. ሊንኩ ከሄደ በኋላ

ቪዲዮው ከሠራ በዚያው ቀን ሰነድ ትጠየቃላችሁ። ፒች ዴክ (ድርጅታችሁን በስላይድ የሚያስተዋውቅ አጭር ገለጻ)፣ የገቢና ወጪ ሒሳብ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ባለአክሲዮኖቹ እነማን እንደሆኑ የሚያሳይ ወረቀት። በአንድ ፎልደር አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ቁጥርና ዴኩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ። ቪዲዮው ከቆየ ቁጥሩ ያረጃል፤ በየሦስት ወሩ ያቺን የቁጥር ክፍል ብቻ ድጋሚ ቀርጻችሁ ተኩ።

አንድ ደብተር ያዙ። ቪዲዮውን ያየ ሰው የሚጠይቃችሁን የመጀመሪያ ጥያቄ በቃሉ፣ ሳታሳምሩ ጻፉት። ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቀ መልሱ ቪዲዮው ውስጥ መግባት አለበት።

የሁለቱ ልጆች ደብተር ላይ «ዕቃውን ማን ያመጣዋል?» ድጋሚ አልተጻፈም። በእሱ ፈንታ «ያመጣችሁት ዕቃ ባይገጥምስ ማን ይመልሳል?» የሚል ሦስት ጊዜ አለ። ባለፈው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋራዡ ሄደን ያንን 15 ሰከንድ ቀረጽን። ሞተረኛው ያልገጠመውን ዕቃ ተቀብሎ ሲሄድ፣ ትክክለኛውን ይዞ ሲመለስ። አሮጌውን ኩሽኔታ የጠቀለሉበት ጋዜጣ ስለተቀደደ በአዲስ ጋዜጣ ጠቀለሉት።